የተቆለፈው ባሕር

ባዘዘው ሕግ ያስተምራል። ከጎንደር ተመድቦ መቐለ ሲገባ የያዘው ሁለት ሻንጣ ብቻ ነበር። ዛሬ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ቤት፣ ፊዮሪ የምትባል ሚስት፣ አብራቸው የምትኖር አማት እና ሰማንያ ሊትር ባሕር አለው።

ባሕሩ ሳሎን የተቀመጠ የመስታወት ገንዳ ነው። የጨው ውሃ፣ ኮራል የበቀለበት ድንጋይ እና ነጭ ሰንበር ያላቸው ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ነበሩበት። ዓሦቹን በአውሮፕላን የላከለት አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ ሔሩይ ነው። ባዘዘው እንግዳ በመጣ ቁጥር የገንዳውን ክዳን ሳያሞግስ አይውልም። በዚያ ሁሉ የመቐለ ነፋስና ደረቅ አየር ስምንት ወር ሙሉ ውሃው ከተሰመረለት ምልክት ዝቅ ብሎ አያውቅማ።

አማቱ ኣደይ ኣልጋነሽ የጨው ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ከአፋር በግመል ጨው እያመጡ ነው ያሳደጓቸው። ማልደው ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ በትንሽ ቢጫ ጀሪካን ጸበል ይዘው ይመለሳሉ፣ ቤተሰቡ እስኪነሳ ጓዳና ሳሎን ሲሉ ይቆያሉ። ባዘዘው በእርሳቸው ላይ ክፉ ነገር አስቦ አያውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ ለጽዮን በዓል አክሱም ሄዱ፤ በዚያው ዘመድ ሲጠይቁ ሦስት ሳምንት ቆዩ። ባዘዘው የፈተና ወረቀት ሲያርም ከረመ። አንድ ሁለቴ ውሃው ጎድሎ ሲያገኘው ክዳኑ የላላ መስሎት ጠበቅ አደረገው፤ ጨው ከበጠበጠበት ባልዲ ቀድቶም ገንዳውን ሞላ አደረገና ነገሩን ረሳው።

ኣደይ ኣልጋነሽ በተመለሱ ማግስት ቀደም ብሎ ተነሥቶ ሳሎን ሲገባ ገንዳው ተከፍቶ አገኘው። አማቱ ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ጀሪካኑን አዘነበሉት።

“ኣደይ፣ ምን እያደረጉ ነው?”

“ውሃ እየሰጠኋቸው ነው ወደይ፣ ልጄ። ጠምቷቸዋል።”

ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ እንዴት ይጠማል? ባዘዘው ለእናት ክብር ሲል ዝም አለ። በዚያው ቀን አንዱ ዓሣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ፤ በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ተከተለው።

ከዚህ በኋላ ዝምታው አልሆነለትም። ማታ ለፊዮሪ ክሱን አሰማ። ድርጊቱን በዓይኑ አይቷል፤ ጀሪካኑም ተይዟል። ጸበል ለሰው ፈውስ ቢሆንም በጨው ለሚኖር ፍጡር መርዝ ነው አለ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት ጥራት የምትቆጣጠረው ፊዮሪ ስህተት ማግኘት ሥራዋ ነው፤ የእናቷን ስህተት ግን ልታገኝ አልቻለችም። ድምፃቸው ከፍ አለ። ኣደይ ኣልጋነሽ ከጓዳ ሆነው ሁሉንም ሰሙ፤ በማግስቱ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው ውቅሮ ከተማ ወንድ ልጃቸው ጋ ሄዱ።

ባዘዘው አፈረ። ግን የሕግ ሰው ነውና ማፈርና መሸነፍ አንድ አይደሉም ብሎ ራሱን አጽናና። ፊዮሪ አራት ቀን ካኮረፈች በኋላ ፍርዱን ራሷ ሰጠች።

“አዲስ ዓሦች አምጣ። ክዳኑን ቆልፍና ቁልፉን አንተው ያዝ። ወር ሳይሞላቸው ከሞቱ ድንጋይ ተሸክመህ ውቅሮ ሄደህ እናቴን ይቅርታ ትጠይቃለህ።”

“ከኖሩስ?”

“ከኖሩ እናቴ ወንድሜ ጋ ትቅር።” ይህን ስትል ዕንባዋ መጣ።

ጥር ላይ ሦስት አዳዲስ ዓሦች መጡ። ባዘዘው ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው ተጠነቀቀ። መብራቱን አጠፋ፣ ከረጢቶቹን እንደታሰሩ ገንዳው ላይ አንሳፈፈ፣ ከዚያ እየከፈተ በየአሥር ደቂቃው ከገንዳው በስኒ እየቀዳ ጨመረባቸው። የመጡበትን ውሃ ግን ጠብታ አላስገባም። ሮማናት አደባባይ የገዛውን ቁልፍ ክዳኑ ላይ ገጥሞ መክፈቻውን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

በመጀመሪያው ሳምንት ዓሦቹ በሉ፣ ተሯሯጡ። ባዘዘውም ማፏጨት ጀመረ። ውሃው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጉደሉን ሲያይ፣ ባሕር የሚሞላው በባሕር ነው እያለ ከጨው ባልዲው ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛው ጥግ ይዞ መተንፈስ አቃተው። ወሩ ሳያልቅ ሦስቱም ሞቱ። በማግስቱ ከቤት ሲወጣ ደጃፉ ላይ አንድ ደህና ድንጋይ ተቀምጦ ጠበቀው።

ባዘዘው ግን ይግባኝ አለው። የታመመ ዓሣ የሸጠለት ነጋዴው ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ሔሩይ ጋ ደወለ፤ ፊዮሪ ምስክር እንድትሆንም ስልኩን ጮክ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሔሩይ ክሱን እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ገንዳው ሲሞላ አንዴ ተለክቶበት ወደ ካርቶኑ የተመለሰውን የጨው መለኪያ ባዘዘውን አስወጣው። መርፌዋ ቀዩን መስመር አልፋ ዳር ላይ ቆመች። ውሃው ሲጎድል በምን እንደሚሞላ ጠየቀ፤ ባዘዘውም ስለ ባልዲው በኩራት ነገረው።

“መምህር፣ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። የጎደለው፣ ጨው በሌለበት ውሃ ካልተሞላ ዓሦቹ ከወር አያልፉም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፤ ያን ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ሲሞላልዎት የኖረው ማነው?”