የግመሏ ሁለት ጎን

ቅፍለቱ ከባሕር ጠረፍ ተመልሶ አልዩ አምባ ገበያ ዳር ሲያርፍ፣ ኡሙሀኒ ነጋዴዎቹን አንድ በአንድ እያየች ባሏን አጣችው። ግመል ከዚያ በላይ ዳገት ስለማይወጣ የአንኮበር ሰዎች ጭነቱን ወደ ንጉሡ ከተማ ሊያደርሱ በቅሎዎቻቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። የቅፍለቱ አለቃ፣ ሽማግሌው ሐጂ፣ ሁሉንም ትተው ወደ እሷ መጡ። «ነይ ልጄ፣ አደራሽን ተረከቢ» አሏት። በረሃ የቀረ ሰው ዕቃ ለሚስቱ የሚሰጠው እንዲህ ተብሎ ነበር።

የመጨረሻዋ ግመል ተንበረከከች። በአንድ ጎኗ ትንሽ የአቡጀዲ እስር፣ በሌላው በሰሌን የተሸፈነ ነገር ተጭኖባታል። ሐጂ ሰሌኑን ሲገልጡት ባሏ ከብርሃኑ ዓይኑን ጨፈነ፤ መልሶም ገለጠና «ኡሙ» አላት። ንዳድ በልቶት አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። «አልሐምዱሊላህ» እያለች አቅፋ ስታወርደው እንደ ሕፃን ቀለላት። ጥላ ሥር አስተኝታው ልታመሰግን ስትመለስ ዓይኗ እስሩ ላይ አረፈ።

«ሐጂ፣ ጨርቅዎ ይኸው ብቻ ነው?»

«ግመል ያጋደለ ጭነት አይሸከምም፣ ልጄ» አሏት፣ ፊታቸውን ወደ በቅሎዎቹ አዙረው። «የሌሎቹ ግመሎች ጭነት ሞልቶ ነበር። እሱ በከሳ ቁጥር እኔም ከወዲያኛው ጎን ጨርቁን እየቀነስኩ በየመንገዱ ጣልኩ። አሁን ተራው ያንቺ ነው፤ አወፍሪው።»

ኡሙሀኒ ጫኞቹ ሳይቀድሟት እስሩን በሁለት እጇ አቅፋ አነሳችና ወደ በቅሎው ወሰደችው። ክብደቱ የባሏን ያህል ነበር።