በዶፍ የማይረጥብ ባል

ገበሬ ማኅበሩ የጋራውን ሰሊጥ ባሳረመበት ክረምት፣ ኮኪት መንደር ላይ የፈንቴ ነገር ሚስቱን አይናዲስን ግራ አጋባት። ካፊያ ሲያካፋ የዋለ ቀን ሱሪው እግሩ ላይ ተጣብቆ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይገባል። ሰማዩ ተቀዶ ዶፍ የወረደ ቀን ግን ትከሻው እንኳ ሳይረጥብ ከች ይላል።

"እንዴት ነው ነገሩ?" አለችው አንድ ማታ።

"ካፊያ ተንኮለኛ ነው፣ አይናዲስ። ዶፍ ሲመጣ ሊቀመንበሩም ራሱ ይሮጣል፤ ሁላችንም የትራክተሩ ተሳቢ ሥር እንገባለን። ካፊያን ግን ማን ይሸሸዋል? 'አብዮት በካፊያ አይቆምም' እየተባለ ሲታረም ይዋላል። ቀስ እያለ አጥንት ድረስ ይገባል።"

በካፊያ ቀን አንጀቷን ይበላዋል። ልብሱን ታስለውጠዋለች፤ እግሩን በሙቅ ውሃ ታጥበዋለች፤ ትኩስ አጥሚት ታቀርብለታለች። በዶፍ ቀን ያደረ የማሽላ ቂጣ ወርውራለት ፊቷን ታዞራለች።

ጥርጣሬዋን ያባባሱት ጎረቤቷ እትዬ ካሰች ናቸው።

"በዚህ ዶፍ ደርቆ የሚገባ ወንድ የሰው ጣራ ሥር ውሎ ነው" አሏት። "እርሻው መንገድ ላይ የሁሪያ ሻይ ቤት አለ። ሁሪያ ደግሞ ባል የላትም።"

አይናዲስ ዶፍ ጠበቀች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲያጓራ ነጠላዋን አገልድማ ወጣች። የዋልካው ጭቃ አንድ ጫማዋን ቀምቶ አስቀረው። የሁሪያ በር ላይ ስትደርስ ከጸጉሯ እስከ ተረከዟ ደረቅ ቦታ አልነበራትም። መጋረጃውን ገልባ ገባች።

ሁሪያ ብቻዋን ብርጭቆ ታጥባለች።

"ባሌ የታለ?"

"የማን ባል?"

"ፈንቴ ነዋ!"

"ፈንቴ በዶፍ መጥቶ አያውቅም፣ እህቴ" አለች ሁሪያ ፎጣ እያቀበለቻት። "ይልቅ ተቀመጪ፣ ብርዱ ይገድልሻል።"

አይናዲስ ፎጣውን ተቀብላ ተቀመጠች፤ ሁሪያም ሻይ ቀዳችላት። እውነትም ተሳቢ ሥር ኖሯል! ያን ሁሉ ቂጣ አሰበችና አፈረች፤ ዛሬውኑ ዶሮ ልታርድለት ለራሷ ቃል ገባች። ሻዩን ፉት ብላ፣ "ጠርጥሬሽ ነበር፤ ይቅር በይኝ" አለች እየሳቀች።

ሁሪያም ሳቀች።

"ኧረ እኔም የሱ ነገር ይገርመኛል። ካፊያ በጣለ ቁጥር እዚያ አንገረብ አልጋው ላይ ሲያንኮራፋ ይውልና፣ ወደ ቤት ሊሄድ ሲል አንድ ባልዲ ውሃ አናቱ ላይ ይደፋል።"