እምቢ ያሉት

አባትየው የዳታ ተንታኝ ነው። ቢሮው የአየር ጠባይ የሚናገር የስልክ መተግበሪያ ይሠራል፤ የእሱ ሥራ ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ስንቴ እንደከፈተው መቁጠር ነው። ተጠቃሚ ሁሉ ለእሱ የመለያ ቁጥር ነው፤ ስም የለውም።

ከአንዷ በስተቀር። ሴት ልጁ ከቤት ከመውጣቷ በፊት መተግበሪያውን ስልኳ ላይ የጫነላት እሱ ራሱ ነበር። ቁጥሯን በቃሉ ያውቀዋል።

የተጣሉት በክትትሉ ነው። የት ዋልሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ፣ ስልክሽ ለምን ተዘጋ። «አባዬ፣ እኔ ዘበኛ አልቀጠርኩም» ብላ ወጣች። አድራሻ አልተወችም፣ ስልክም አታነሳም። መተግበሪያውን ግን በየማለዳው ትከፍታለች። አባቷ የት እንደሚሠራ ስለምታውቅ እሱ ይህን እንደ ሰላምታ ይቆጥረው ነበር። ቢሮ እንደገባ ቁጥሯን ያይና ለሚስቱ ይደውላል። «ከፍታዋለች» ይላል። እናትየው ሌላ አትጠይቅም።

ከዚያ የመተግበሪያው አዲስ እትም ወጣ። አሁን ስልኩ ተጠቃሚውን ፊት ለፊት ይጠይቃል፦ መተግበሪያው እንዲከታተልዎ ይፈቅዳሉ? ሰዉም እምቢ አለ። እምቢ ያለ ሰው መተግበሪያውን ቢከፍትም በቁጥሩ አይታይም። ወዲያው ከግማሽ በላይ ቁጥሮች ዝም አሉ፤ የልጅቷም አብሮ ዝም አለ።

ሥራ አስኪያጁ ሰው ጥሎን ሄደ ብሎ እህል አልወርድለት አለ። ተንታኙ አጽናናው።

«አልሄዱም። እኛ ነን ማየት ያቃተን።»

ዝም ያለውን ቁጥር ሁሉ «እምቢ ያሉ» በሚል በአንድ ላይ ቆጠረው። ደስ የሚል ስም ከተገኘ ማን ይከራከራል።

ቤቱም ገብቶ ይህንኑ ተናገረ።

«ዛሬስ?» አለች ሚስቱ።

«እምቢ ብላለች። ግትርነቷን ታውቂው የለ። እምቢ ያለ ሰው ደግሞ አለ ማለት ነው።»

«ምን ታሟርታለህ? የለችም ያለህ ማን ነው?»

እሱ ፈርቶ ነበር፤ እሷም ፈርታ ነበር።

ወራት አለፉ። ማስታወቂያ የሚያሠሩት ደንበኞች ግን በስያሜ የሚጽናኑ አልሆኑም፤ እምቢ ያለውና የሄደው ይለይልን አሉ። ሰው ሁሉ የተጫነው መልስ መተግበሪያውን የምትሠራው ፕሮግራመር ጋ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ እስከዚያ ቀን ግን አሳዪኝ ያላት አልነበረም።

መለየት ስትጀምር ተንታኙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አንድ ቁጥር እይልኝ እስቲ።»

«የዘመድ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«የልጄ ነው። እምቢ ካሉት ናት» አለ። በእምቢታዋ መኩራት ከጀመረ ሰንብቷል።

ፕሮግራመሯ ቁጥሩን አስገብታ መልሱን አነበበችለት።

«ኧረ ልጅዎስ እምቢ አላለችም፣ ጋሼ፤ እትሙ በወጣ ዕለት ‹ፍቀድ› የሚለውን ተጭናለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልከፈተችውም።»