ለምርመራ የጸዳ ደም

«ይኼ ደም የማን ነው?» አለ ጓንጉል፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ፣ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ።

«የአባቴ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?» እማዋይሽ ከጧት ጀምራ ቆማለች። ከሰሃላ ሰቆጣ ድረስ አባቷን በበቅሎ ደግፋ ስታመጣ ያልተንገበገበች ሴት፣ እዚህ መስኮት ሥር ትዕግሥቷ አለቀ።

አባቷ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ ጉሮሯቸው ላይ ካንሰር ወጥቶባቸዋል። የትልቁ ሆስፒታል ሐኪም «ቆርጠን እናውጣው፤ ድምፅዎ ግን አብሮ ይሄዳል» ቢላቸው፣ «ዘመን የሚሰጠኝ ከሆነ ድምፄን ውሰድ፤ ጥቂት ወር ከሆነ ግን ከነዜማዬ ልሙት» አሉት። ሐኪሙም እርግጡን እግዜር እንደሚያውቅ፣ የነጭ ደም ሕዋሳታቸው ቁጥር ግን ፍንጭ እንደሚሰጥ ነግሯቸው፣ አገራችሁ አስቆጥራችሁ ኑ አለ። ለቀዶ ጥገናው ተራ የቀረው ዐሥር ቀን ነው። ይህ ተራ ካመለጠ ሌላው ከፋሲካ ወዲያ ነው።

«ለቁስል የሚሮጠው ነጭ ሕዋስ ሞልቶ ፈስሷል» አለ ጓንጉል። «ሌላው፣ ረጋ ብሎ የሚጠብቀው፣ ከቁጥር አይገባም።»

«እና? ሊሞቱ ነው?»

«ከዕጢው የመጣ ከሆነ ክፉ ምልክት ነው። ግን ትኩሳትም አላቸው። የኔታ፣ ሌላ ቦታ ቁስል አለብዎ እንዴ?»

«የለብኝም» አሉ መሪጌታ በሻከረ ድምፅ፣ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው እየሳቡ።

አሳሳባቸው ለልጃቸው አልጣማትም። ገለጥ አደረገችው። ትከሻቸው ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ ሰባት ጥቋቁር ምልክቶች፤ በየመሐላቸው የምላጭ ጭረት፤ ሦስቱ መግል ይዘዋል።

«ዋግምት! አባባ! መቼ ነው የታገሙት?»

«ሐሙስ ለት፣ ልንነሣ ስንል። የሰፈራችን አጋሚ፣ ምሳው ነው በቀንዱ የመጠጠልኝ።»

«ምን ሊያደርግልዎ?»

«ክፉ ክፉውን ደም ላወጣ ነዋ። ቆሻሻ ደም ተይዞ ሰው ፊት ይቀረባል?»

ጓንጉል ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ምስክሩን ቀጥቅጠው ችሎት አቀረቡት እኮ፣ የኔታ! ይኼ ቁጥር አሁን ስለ ዕጢው ይናገር ስለ ምሳው ምላጭ በምን አውቃለሁ? መድኃኒት ይውሰዱ፣ ቁስሉ ይድረቅ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይምጡ።»

«ሦስት ሳምንት!» እማዋይሽ ወደ አባቷ ዞረች። «ተራችን ዐሥር ቀን! ምነው አባባ፣ ምነው? ሞት አይገደኝም ሲሉኝ አልነበር? ዜማዬን ይዤ ልሂድ፣ ተዉኝ ሲሉኝ አልከረሙም? ታዲያ ደሙ ቢያምር ባያምር ምን ገደድዎ?»

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሞክረው ተዉት።

«ብዙ ዘመን አለው ቢሉኝ ብዬ» አሉ።

እማዋይሽ ያን ጊዜ ገባት። ያን ሁሉ ወር ቤቱን በ«ልሙት» ሲያምሱት የነበሩ ሰው፣ ለማንም ሳይነግሩ ሰባት ቦታ በምላጭ ተበጥተው ኖሯል፤ ትንሽ ልኑር ብለው።

«ጓንጉል» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «የቁስል ማጠቢያ ስጠኝ።»

ጨርቁንና ውሃውን ተቀብላ ከኋላቸው በርከክ አለች። «ቁጥሩ ይቅር። በተራችን ቀን ለቀዶ ጥገናው እንሄዳለን፣ አባባ።»

መሪጌታ ጋቢውን በገዛ እጃቸው እስከ ወገባቸው አወረዱና፣ ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው አመቻቹላት።