የመሪው ገመድ

አውሮፕላኑ ወድቆ አብራሪው ሲሞት፣ የጅራቱን መሪ ገመዶች ቀኙን ከግራው አቀያይሮ ያሰረው መካኒኩ ነው ተባለና ከጥገና ክፍሉ ተባረረ። መካኒክ የሚለው ስሙም በዚያው ቀረ። ካረጀ በኋላ ያንኑ አውሮፕላን አሳንሶ በሪሞት የሚበር አድርጎ ሠራና፣ ያኔ የመሰከረበትን የሥራ ባልደረባውን ደምሰውን ቤቱ ጠራው።

"መሪውን በአንድ ዘንግ አገናኘውና ይብረር እንጂ፣ አንተ ሰው! ለአሻንጉሊት ይሄ ሁሉ?" አለ ደምሰው።

"ትልቁ በሁለት ገመድ ነበር፣ ይሄም በሁለት ገመድ ነው። እጄ ተሳስቶ እንደማያውቅ ዛሬ በዓይንህ ታያለህ።"

እንደ ድሮው ሳያይ በዳበሳ አሰራቸው። ደምሰው እጁን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ እሱ ሪሞቱን አንስቶ ማንሻውን ወደ ቀኝ ገፋ። መሪው ወደ ግራ ዞረ። ደግሞ ገፋ። አሁንም ወደ ግራ።

አልደነገጠም። ሪሞቱ ላይ ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ የምታደርግ ትንሽ ማብሪያ አለች። በጥፍሩ ገለበጣት።

ደምሰው እጁን በሱሪው እያደራረቀ ተመለሰ። "እህ፣ እንዴት ሆነልህ?"

"ቀረብ ብለህ እየው" አለና ወደ ቀኝ ገፋ። መሪው ወደ ቀኝ ዞረ።

ደምሰው ባርኔጣውን አውልቆ እግሩ ላይ ወደቀ፤ "በድዬሃለሁ ወንድሜ፣ ለእግዜር ብለህ!" እያለ አለቀሰ።

እሱም እንደ ወጉ ትከሻውን ይዞ "ተነስ፣ ይቅር ብዬሃለሁ" አለው።