ቴርሞስታቱ የት ይሰቀል?

ራዶሚር አማቱን ከቤት ለማስወጣት አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም። ለቤቱ ማሞቂያ ቴርሞስታት ገዛ።

ወይዘሮ ዴሳንካ «ክረምቱን ብቻ» ብለው ቫልዬቮ ከተማ ልጃቸው ቤት ከገቡ ይኸው ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። ኒሽ ከተማ ደግሞ ወንድ ልጅ አላቸው። ቤቱ ቢበርዳቸው ወደዚያ ይሄዳሉ፣ ክፍላቸው ደግሞ የራዶሚር ኳስ ማያ ይሆናል። ሚስቱን ስላቪካን «ጋዝ እንዳይባክን ነው» ብሎ አሳመናት።

የማሞቂያ ሠራተኛው ሉቢሻ የወይዘሮዋ የክርስትና ልጅ ነበር። ሁለት ካርቶን ተሸክሞ መጣ፣ እጃቸውን ሳመ፣ ክፍላቸውን አየት አድርጎ ወጣና ቴርሞስታቱን ለራዶሚር ሰጠው።

«ሽቦ የለውም፣ ደስ ያለህ ቦታ ስቀለው። እሱ ያለበት ሲሞቅ ማሞቂያው ይጠፋል።»

ራዶሚር ከምድጃው በላይ ሰቀለው። ስላቪካ ሾርባ በጣደች ቁጥር ቴርሞስታቱ ቤቱ የጋለ ይመስለዋል፣ ማሞቂያው ይጠፋል፣ የአማቱ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። በሐሳቡ በጣም ተደሰተ።

በማግስቱ ወይዘሮ ዴሳንካ ስስ ሸሚዝ ለብሰው ብቅ አሉ። ራዶሚር ላብ በላብ ሆኗል።

«እማማ፣ ቴርሞስታቱን ነክተውታል?»

«እኔ? መነጽሬ እንኳ የት እንደገባ አላውቅም። ለቅዱስ ኒኮላስ ነው የነገርኩት።»

«እሱ የመርከበኞች ጠባቂ አይደለም እንዴ?»

«ባሕር ላይ አይበርድም?»

የቤተሰባቸውን ጠባቂ የቅዱስ ኒኮላስን ሥዕል ከምሥራቁ ግድግዳ አንስተው አልጋቸው አጠገብ አሰቅለውታል። «ወገቤን ያመኛል፣ ይቅረበኝ» ነው ምክንያታቸው። ራዶሚር ከሠርጉ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስላልረገጠ ምሥራቅ በየት በኩል እንደሆነ ግድ አልሰጠውም።

ቴርሞስታቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አደረገው። ከዚያ መብራት ሥር ወሰደው። በመጨረሻ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። ቤቱ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ጋለ፣ የስላቪካ አበቦች ጠወለጉ፣ እሱም በውስጥ ሱሪ ብቻ መንጎራደድ ጀመረ።

«እጅ ከፍንጅ ነው የምይዛት!» ብሎ በአማቱ በር የቁልፍ ቀዳዳ እያየ አደባ።

አማቱ ከክፍላቸው ንቅንቅ አላሉም። ሥዕሉ ፊት ቆመው «ኒኮላዬ፣ ዛሬ ትንሽ ጨመር አድርግልኝ» አሉ፣ ሳሙት፣ ክፈፉን አቃንተው ተቀመጡ። ወዲያው ማሞቂያው ተነሣ። ራዶሚር ከልቡ ፈራ።

እሁድ ጠዋት ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ አማቱ ፊት ቆመ።

«እማማ፣ ኒሽ የሚባል ነገር የለም። እስከመጨረሻው እዚሁ ይኑሩ። ብቻ ትንሽ ቀነስ እንዲያደርግ ይለምኑልኝ።»

«እነግረዋለሁ፣ ልጄ። አንተም ሻማ አብራለት።»

ራዶሚር እያማተበ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ወይዘሮ ዴሳንካ ስልካቸውን አነሡ።

«ሉቢሻ፣ ሰውየው ቤተ ክርስቲያን ሄዶልኛልና ቶሎ ና፤ ከኒኮላስ ጀርባ ያለው የእውነተኛው ቴርሞስታት ባትሪ እያለቀ ነው።»