የድምፁ ባለቤት

ነጎድጓድ የሚለውን ስም ያወጡለት አድናቂዎቹ ናቸው። ከሜታል ባንዱ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ሲያጓራ መስኮቱ ያልተንቀጠቀጠ አዳራሽ የለም። ከእያንዳንዱ ጩኸት በኋላ «እህ፣ እህ» የምትል ትንሽ ሳል ነበረች፤ ጎረምሳው ሁሉ ጩኸቱ ሲያቅተው ሳሏን ያስመስል ነበር። ባንዱ ሲበተን ነጎድጓድ ለብቻዬ አልበም ልሥራ ብሎ ተነሣ። ሮክ፣ ፖፕ፣ ደግሞ ሆድ የሚያባቡ ለስላሳ የፍቅር ዘፈኖች። ሰው ጉድ አለ።

ከሰው ሁሉ በላይ የተጨነቀው ግን ድምፅ ቀጂው ነው። የድሮዎቹን ሥራዎች በሙሉ የቀዳው እሱ ስለሆነ የነጎድጓድን አመል ያውቃል። ያኔ የመቅጃው ክፍል መጋረጃ ይዘጋል፤ ነጎድጓድና ሚስቱ ተከታትለው ይገባሉ። «ያለ እሷ ድምፄ አይወጣም» ይላል። መድረክ ላይም ያው ነው፤ እሷ ከትልልቆቹ ስፒከሮች ጀርባ፣ ጭሱ ውስጥ ካልቆመች አይጀምርም። ሴትዮዋ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ የማር ውሃዋን በፔርሙዝ ይዛ ከች ትላለች። ዝምተኛ ናት፤ ሰላምታዋ እንኳ በሹክሹክታ ነው። ድምፅ ቀጂው ቤቱ እየገባ «ፍቅር ማለት የእነሱ ነው» ሲል የገዛ ሚስቱን ስንቴ አስኮርፏል።

ውል ሲፈረምማ አይነሣ። ፎርሙ ላይ «የድምፁ ባለቤት ፊርማ» በሚለው መስመር የምትፈርመው ሚስትየው ነበረች። ባለቤት ሲባል ሚስት መስሏቸው ነው ተብሎ ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። ማን ያስተካክለው፣ ወረቀቱ እንዳለ ፋይል ገባ።

አሁን ነገሩ ተገለበጠ። ነጎድጓድ ድምፁን ቤቱ እየቀዳ በፍላሽ ያመጣል፤ ሚስቱም የለች። የት ሄደች ሲባል «እሷ ትረፍ፣ በቅቷታል» ይላል። ድምፅ ቀጂው የመጀመሪያውን ዘፈን ሲሰማ እንባው መጣ። ሁለተኛውን ሲሰማ ግን አቁሞ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረው። አሥራ ሁለት ዓመት ያጓራ ጉሮሮ አንዲት ጭረት እንኳ እንዴት አይኖርበትም? የሚስትየው ወንድም የሠርግ ዘፋኝ መሆኑ ትዝ ሲለው ደግሞ የሚዘፍንለት እሱ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ።

ክፋቱ፣ ለፕሮዲዩሰሩ «ድምፁ የራሱ ነው፤ ለዚህ እኔ አለሁ» ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረው እሱ ነው። የሌላ ሰው ድምፅ በነጎድጓድ ስም አወጣ ከተባለ ከእንግዲህ ማንም ዘፋኝ ደጁን አይረግጥም። በዚያ ላይ ሰውየውን እንደ ወንድሙ ይወደዋል። ሌባ ሆኖ ከሚያየው ስቱዲዮው ቢዘጋ ይመርጣል።

ፕሮዲዩሰሩም ለካ ጠርጥሮ ኖሯል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ባልና ሚስቱን አስጠራና ነገሩን ቆረጠው። ነጎድጓድ አሁን፣ እዚሁ፣ መጋረጃው ተከፍቶ ይዘፍናል። ሚስቱ ኮሪደር ትጠብቃለች። ካልሆነ አልበሙ ቀረ።

ሴትዮዋ ያለወትሮዋ የባሏን ኮሌታ አስተካከለችለትና ወጣች። ነጎድጓድ ማይኩ ፊት ቆመ። ድምፅ ቀጂው ከመስታወቱ ጀርባ የዘፋኙ ከንፈር ላይ አፈጠጠ።

ነጎድጓድ ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ያው የፍላሹ ድምፅ ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ከንፈሩና ቃሉ አንድ ናቸው፤ የሚያጠራጥር ነገር የለም። ድምፅ ቀጂው አፍሮም ደስ ብሎትም በእጅጌው ዓይኑን ጠረገ።

«ይኸው! አላልኩህም?» አለው ፕሮዲዩሰሩን፣ ሲጠረጥር እንዳልከረመ ሁሉ።

ውሉ መጣ። በዚህኛው ላይ ነጎድጓድ «የድምፁ ባለቤት» የሚለው መስመር ላይ በገዛ እጁ ፈረመ። ዛሬስ ትርጉሙ ገባህ ብለው ቀለዱበት። ፈገግ ብሎ ወረቀቱን ለፕሮዲዩሰሩ ገፋለት።

«አንድ ነገር ቀረች» አለ ፕሮዲዩሰሩ። «ለድሮ አድናቂዎችህ መግቢያው ላይ አንድ ጩኸት ጣልልኝ።»

ነጎድጓድ ፊቱ አመድ መሰለ። «እሱን እንኳን ባለቤቴን ጠይቃት» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለመጮህም የሚስት ፈቃድ?» ፕሮዲዩሰሩ እየሳቀ ሊያስፈቅድለት ወደ ኮሪደሩ ወጣና ወፍራሙን በር ከኋላው በኃይል ዘጋው። ሴትዮዋ ለካ የባሏን ዘፈን ልትሰማ በሩ ሥር ቆማለች፤ ጣቶቿም መቃኑ ላይ ነበሩ።

ማይኩ አልተዘጋም ነበር። የድምፅ መለኪያው መርፌ ዘሎ ቀዩ መስመር ላይ ተጣበቀ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ ቀጂው ክው ብሎ ወደ ነጎድጓድ ሲዞር የሰውየው አፍ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

ከኮሪደሩ «እህ፣ እህ» የምትል ትንሽ ሳል ተከተለች።